ሥራ የፈታ ውሻ

በእኛ ሰፈር «ውሻ ማሳደግ» ሲባል ብዙውን ጊዜ ውሻ ማሰር ማለት ነው። ቀን ቀን ከአጥሩ ጥግ በሰንሰለት ይታሰራል፤ ማታ በሩ ሲቆለፍ ይፈታል፤ ሌሊቱን ሲጮኽ ያድርና ሲነጋ ተመልሶ ይታሰራል። በጮኸ ቁጥር ጎበዝ ይባላል። ሰው ከነከሰ ደግሞ ፍርዱ እንደ ተነካሹ ነው፦ ሌባ ከነከሰ ይመሰገናል፣ ጎረቤት ከነከሰ መርዝ ይበላል። እኔም ያደግኩት እንዲህ ዓይነት ውሻ ባለበት ግቢ ነው። የቤታችንን ውሻ በእጄ ነክቼው አላውቅም፤ ምግቡን በዱላ ገፋ አድርገን ነበር የምንሰጠው።

ሻምበል ግን ለዚህ ዓይነት ኑሮ የሚሆን ውሻ አልነበረም። ይህን ለማወቅ የውሻ ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ ታስሮበት የነበረውን መሬት ማየት ይበቃል።

ፈረንጆች ውሻ ከመጠለያ ሲወስዱ ፎርም ይሞላሉ፣ ቤታቸው ይጎበኛል፣ ግቢ አላቸው ወይ፣ ጊዜ አላቸው ወይ ተብለው ይጠየቃሉ። ሻምበል የነበረበት «መጠለያ» ከአዘዞ መንገድ ገባ ብሎ ያለ፣ ሥራው የቆመ የግንባታ ካምፕ ነው። ማሽኖቹ ሄደዋል፤ የቀሩት አንድ ኮንቴነር፣ የተቆለለ ብረት፣ አንድ ዘበኛና አንድ ውሻ ናቸው። እኔ የሄድኩት አሮጌ ጣውላ የሚገዛ ጓደኛዬን ተከትዬ ነው። ጓደኛዬ ዋጋ ሲከራከር እኔ ውሻውን አየሁ። ጀርባው ጥቁር፣ እግሮቹ ቡኒ፣ አንድ ጆሮው ቀጥ ብሎ ሌላው የታጠፈ፣ ሰው «ፖሊስ ውሻ» የሚለው የጀርመን ሼፐርድ ዲቃላ ነው። የታሰረበትን እንጨት እየዞረ እየዞረ መሬቱን በክብ አርሶታል። ልክ እንደ አውድማ። ልዩነቱ፣ በሬ አውድማ ላይ ሲዞር እህል ይወቃል፤ ይህ ግን የሚወቃው አቧራ ብቻ ነበር።

ዘበኛው ከደባርቅ በላይ ካለ የገጠር ቀበሌ የመጡ፣ ስልሳውን ያለፉ አባት ናቸው። ደመወዛቸው ከቆመ ሦስት ወር ሆኗል። በሳምንቱ ወደ አገራቸው ሊመለሱ ነው።

«ውሻውስ?» አልኳቸው።

«እሱማ ይኸው ነው። አውቶቡስ አይጭነው፣ ቢጭነውም የኛ አገር ውሾች ይጨርሱታል። መርዝ ስጠው ብለውኝ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ» አሉና ወደኔ ዞር ብለው «ግቢ አለህ?» አሉኝ።

ግቢ የለኝም። ከፒያሳ ጀርባ፣ ከአንዲት እትዬ ግቢ ውስጥ የተከራየሁት አንድ ክፍል ነው ያለኝ። ለእትዬ ደወልኩ። «ሌባ ይይዛል?» አሉ። በዚያ ሰሞን ሁለት ጎረቤት ተሰርቆ ነበር። «ይይዛል» አልኩ። «እንግዲያው ይምጣ፤ ግን በረንዳ ላይ እንዳይወጣብኝ። የውሻ ቦታው ደጅ ነው» አሉ። ባለ ባጃጁ አልጭንም ስላለ በአይሱዙ ጭነን አመጣነው። በዚያው ሳምንት የእንስሳት ሐኪም አምጥቼ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አስወጋሁት፤ ቀኑ የተጻፈበትን ወረቀት በፕላስቲክ ሸፍኜ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። ይህች ወረቀት ኋላ ምን ያህል እንደምትከብድ ያኔ ማንም አላወቀም።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የጥፋት ነበሩ። የተሰጣ ልብስ አወረደ። የውኃ ጎማውን በጣጠሰው። የእትዬን ጤና አዳም ከነሥሩ ነቀለው። አንድ ቀን ያለማቋረጥ የራሱን ጅራት ሲያሳድድ አርባ ደቂቃ ቆጠርኩ። እኔ ደግሞ ሥራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ነው፤ በቀን አሥር ሰዓት ያህል ወንበር ላይ ነኝ። መቀመጥ የሚከፈለው ሰውና መቀመጥ የማይችል ውሻ በአንድ ግቢ ገባን።

የለመድኩትን አደረግሁ፤ አንድ ነገር ሲበላሽ መጀመሪያ መዝገብ መያዝ ነው። በኮምፒውተሬ ላይ ትንሽ ሠንጠረዥ ከፈትኩ፦ ስንት ሰዓት ጮኸ፣ ምን አበላሸ፣ ከዚያ በፊት ምን ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሳየው ጩኸቱ ከረሃቡ ጋር አልተያያዘም፤ በልቶም ያጠፋል። ከእንግዳ መምጣትም ጋር አልተያያዘም። የተያያዘው ከአንድ ነገር ጋር ብቻ ነው፤ ጠዋት ግቢውን ለቅቆ ካልወጣ፣ ከሰዓት በኋላ አንድ ነገር ይሰበራል። አባቶች «ሥራ የፈታ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» ያሉት ይህንኑ ነው። ሻምበል ቆብ ስለሌለው የእኔን ሸሚዝ ቀደደ፤ መስፋቱን ግን አያውቅበትም።

ዘበኛው ደባርቅ ከገቡ በኋላ ደወሉ። ውሻው እንዴት እንደሆነ ነገርኳቸው።

«ምን እያሠራኸው ነው?» አሉኝ።

«ምንም።»

«ምንም ከሆነማ ያብዳል፣ ልጄ! እኔ ብላቴና ሆኜ በግ ስጠብቅ ጠዋት ወጥቼ ማታ ነው የምገባ። አንድ ቀን ታምሜ ቤት ብውል እናቴን አስመርሬ ገደልኳት። ይህ ውሻ እረኛ ነው። በዓይኑ ታየዋለህ፤ ሰው ሲበተን አይወድም። ካምፑ ላይ ሠራተኛው ለምሳ ሲበተን እየዞረ ሊሰበስባቸው ይሞክር ነበር።»

እሳቸው ያሉትን በኋላ በጽሑፍ አገኘሁት። የጀርመን ሼፐርድ እንደ ዝርያ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1899 ነው። ማክስ ፎን ስቴፋኒትዝ የሚባል የቀድሞ የፈረሰኛ ጦር ሻምበል አንድ ትርኢት ላይ ያየውን የእረኛ ውሻ ገዛ፣ ሆራንድ ብሎ ሰየመው፣ በዚያው ዓመት የዝርያውን ማኅበር አቋቋመ። (የእኛን ሻምበል ስም ያወጡለት ግን የካምፑ ሠራተኞች ናቸው፤ ስለ ጀርመኑ ሻምበል የሰማ አልነበረም።) የነዚያ ውሾች ሥራ በግ መንዳት ብቻ አልነበረም። በጀርመን ገጠር ግጦሹና እርሻው አጥር አልነበረውም። በጎቹ በአንድ በኩል ይግጣሉ፣ በሌላው በኩል ስንዴው ቆሟል፤ ውሻው በሁለቱ መካከል ባለው ቦይ ላይ ከጠዋት እስከ ማታ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። የሚንቀሳቀስ አጥር ነው። ማንም ሳያዘው ራሱ አይቶ መወሰን አለበት፦ ይህች በግ ልትገባ ነው፣ ያቺ ግን ዝም ብላ ነው የቆመችው።

ዳባት ወይም ደባርቅ የሄደ ሰው ይህን ሥራ አይቶታል። ልዩነቱ፣ በእኛ ደጋ ሥራውን የሚሠራው ውሻ ሳይሆን ልጅ ነው። የገብሱ ማሳ በአንድ በኩል፣ በጎቹ በሌላ በኩል፣ በመካከሉ ጋቢውን የተከናነበ፣ ዱላ የያዘ የስምንትና የዘጠኝ ዓመት እረኛ። በግ ገብስ ውስጥ ከገባች የሚጠየቀው እሱ ነው። ጀርመኖቹ ለዚህ ውሻ አራቡ፤ እኛ ልጅ አሰማራን። ዘበኛው ሻምበልን ያወቁት ከመጽሐፍ አይደለም፤ የሥራ ባልደረባቸው ስለሆነ ነው።

የአገራችን ውሻ ሥራ የለውም ማለት አይደለም። አለው፤ የሌሊት ፈረቃ ነው። በደጋው ውሻ የሚያዘው ለጅብ፣ ለነብርና ለቀበሮ ነው። ጎንደር ከተማም ቢሆን ጅብ ያውቃታል፦ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በሌሊት ጎዳናውን የሚሞሉትን ጅቦች ጽፏል። የእርሱ አደን ውሾች ሳይቀሩ ከተገደሉ ሰዎች አካል ቁራጭ እየያዙ ወደ ግቢው እየገቡ እንዳስጨነቁትም ጽፏል። ያ ዘመን የራስ ሚካኤል ስሑል ዘመን ነበር። ዛሬም ሌሊት ከአንገረብ በኩል የጅብ ድምፅ ይሰማል፤ የሰፈሩ ውሾች ያኔ ሥራ ላይ ናቸው። ቀን ፀሐይ ላይ ተዘርግተው ሲተኙ ሰነፍ አይደሉም፤ የሌሊቱን እየተኙ ነው። ሰንሰለቱም ለነሱ ቢሆን መልካም ነገር አይደለም፤ ግን ቀኑን ይተኙበታል። የሼፐርድ ፈረቃ ግን ቀን ነው። ቀን አስሮ ሌሊት መፍታት ለእሱ ሥራውን ነጥቆ የሌላ ሰው ሥራ መስጠት ነው።

ስለዚህ ፈረቃውን መለስኩለት። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከፒያሳ እንወጣለን። በፋሲል ግንብ አጥር ሥር አልፈን፣ ወደ ቀሃ ወንዝ ወርደን፣ ከዚያ ወደ ደብረ ፀሐይ ቁስቋም ሽቅብ። እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ግንብ ፍርስራሽ ጋ ስንደርስ ዞረን እንመለሳለን። በደረቅ ወራት አንድ ሰዓት ተኩል፣ በክረምት ጭቃው ስለሚይዘን ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ማታ መውጣት አልነበረም፤ ሐምሌ 2015 መጨረሻ ላይ በክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ጀምሮ የምሽቱ ሰዓት የእኛ አልሆነም። ተኩስ የሚሰማበት ሌሊት ሲኖር ሻምበል አይጮኽም። በሬ ላይ መጥቶ ይተኛል። እትዬ ይህን አይተው በረንዳውን ፈቀዱለት፤ «ለዛሬ ብቻ» እያሉ።

መንገድ ላይ የሰው ነገር ብዙ ነው። ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ እናቶች ነጠላቸውን ሰብስበው ወደ ዳር ይወጣሉ። ሕፃናት ድንጋይ ያነሳሉ፤ ውሻ ሲያዩ እጃቸው በራሱ ይጎነበሳል። ጫት ቤቱ በር ላይ የሚቀመጡ ልጆች «ዘመናዊ!» ይሉኛል። ውሻ በገመድ ይዞ የሚሄድ ሰው የሚታየው በፊልም ነው። አንድ ሽማግሌ ግን አስቁመው «ምን ዓይነት ውሻ ነው፣ ለምን ታዞረዋለህ?» ብለው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። «እንደ በቅሎ ነዋ! በቅሎም ቆማ ከበላች ትረግጣለች» አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ። ከዚያ ወዲህ ለጠየቀኝ ሁሉ የምመልሰው የእሳቸውን መልስ ነው፤ ጎንደር ላይ ከጀርመኑ ሻምበል ይልቅ በቅሎ በቶሎ ይገባል።

ቀለቡም ሌላ ትምህርት ነው። የእኛ የማዕድ ትርፍራፊ ለውሻ አይሆንም፤ ወጥ ያለ ሽንኩርት አይሠራም፣ ሽንኩርት ደግሞ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። ስለዚህ ከሥጋ ቤት አጥንትና ቅንጥብጣቢ እገዛለሁ፤ ከሩዝ ጋር እቀቅላለሁ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ግን ለ55 ቀን ሥጋ ቤቱ ይዘጋል። እትዬ ደግሞ በጾም የሥጋ ሽታ በግቢያቸው አይፈልጉም፤ እውነት አላቸው። ከጎርጎራ የሚመጣ የጣና ዓሣ እየገዛሁ እሾኹን ለቅሜ፣ በራሴ ድስት፣ በራሴ ከሰል፣ ከግቢው ጥግ አበስል ነበር። የፋሲካ ዕለት ሥጋ ቤቱ ሲከፈት ከሰፈሩ ሁሉ ቀድመን የደረስነው እኔና ሻምበል ነን።

እንዲህ እንዲህ እያልን ሠንጠረዡ ባዶ እየሆነ መጣ። ልብስ ገመዱ ላይ መዋል ጀመረ። የጎረቤት ልጅ፣ የስምንት ዓመቷ፣ በአጥሩ ቀዳዳ «ሻምበል፣ ቁጭ!» ስትለው ቁጭ ይላል። እናቷ ግን አትወድም ነበር። «ውሻ ውሻ ነው» ትላለች።

ከፋሲካ በኋላ ባለው ወር፣ ከቁስቋም ስንወርድ፣ ከወንዙ አጠገብ አንድ ባለቤት የሌለው ውሻ መጣብን። ሌሎቹ የመንገድ ውሾች ሲመጡ ከሩቅ ይጮኻሉ፣ ይቆማሉ፣ ይሸሻሉ። ይህኛው አልጮኸም። አፉ ተንጠልጥሎ ለሃጩ ይወርዳል፣ ቀጥ ብሎ መጣ። ሻምበል ከፊቴ ገባ። ያለቀው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ነው፤ እኔን አልነካኝም፣ ሻምበል ግን ትከሻው ላይ ተነከሰ። በዚያው ጠዋት ያው ውሻ ሁለት ሰው ነክሶ ኖሮ ወጣቶች በድንጋይ ገደሉት። ሰዎቹ ወደ ሆስፒታል ሄደው ክትባት ጀመሩ። የውሻው ሬሳ አንጎሉ ሳይመረመር ተቀበረ። ስለዚህ አብዶ ነበር ወይስ አላበደም የሚለው ጥያቄ መልስ ሳያገኝ ወደ ግቢያችን ገባ።

እዚህ ላይ ስለ በሽታው ጥቂት ልበል፤ ቀጥሎ የሆነውን ያለዚያ መፍረድ አይቻልም። ቫይረሱ በንክሻ ይገባል፣ በነርቭ መስመር ቀስ ብሎ ወደ አንጎል ይሄዳል። በሰው ላይ ምልክቱ ብዙ ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ይታያል፤ አንዳንዴ በሳምንት፣ አንዳንዴ ከዓመት በኋላ። ምልክቱ ከመታየቱ በፊት ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በውኃ ማጠብ፣ ከዚያም ክትባቱን ወዲያው መጀመርና መጨረስ ያድናል። ምልክቱ ከታየ በኋላ ግን የሚያድን የለም ማለት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት በዓመት ወደ 59,000 ሰው ይሞትበታል ይላል፤ ወደ ሰው የሚተላለፈው እስከ 99 በመቶ በውሻ ነው፤ ከሟቾቹ ከአሥሩ አራቱ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ይህ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1884 በጌምድርን ጨምሮ በሰሜኑ አገር ውሾች ላይ ትልቅ ወረርሽኝ እንደነበር ተመዝግቧል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ፣ በሰሜን ጎንደር ዞን የተሠራ ጥናት ደግሞ በሽታው በዓመት ከ100,000 ሰው 2.33፣ ከ100,000 ውሻ ደግሞ 412.83 እንደሚይዝ ገምቷል። ነጥቡን ትታችሁ ቁጥሩን ብቻ ብታዩት፣ የውሻው ከሰው ወደ 180 እጥፍ ገደማ ነው። ሰው የሚታመመው ውሻው ስለታመመ ነው። ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1885 የመጀመሪያውን ልጅ ከከተበ ወዲህ መድኃኒቱ ይታወቃል፤ ከውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ የበሽታው ሰንሰለት እንደሚበጠስም ይታወቃል። መቁረጥ የነበረብን ያንን ሰንሰለት ነው፤ እኛ የገዛነው ግን ሌላውን ሰንሰለት ነው።

እትዬ ግን ቁጥር አያስፈልጋቸውም። በዚያ ቀን ቡና አፈሉና ጎረቤት ጠሩ። እኔም ተጠራሁ። መጀመሪያ የተናገረችው የልጅቷ እናት ናት። «ወንድሜ፣ ጥሩ ውሻ ነው፣ አላልኩም። ግን የእኔ ልጅ ከአንተ ውሻ ትበልጣለች።» ልክ ናት። የምመልሰው አልነበረኝም።

ከዚያ እትዬ ተናገሩ። ደምቢያ ሳሉ፣ ልጅ ሆነው፣ ታናሽ ወንድማቸውን ውሻ ነክሶት ነበር። ቁስሉ ትንሽ ነበረች። ባለ መድኃኒት ዘንድ ወስደውት ሥር ተቀጥቅጦ ተሰጠው፣ ጠበልም ተረጨ፣ ቁስሉ ዳነ፣ ሰውም ረሳው። ከፍልሰታ በፊት ግን ልጁ ውኃ ሲያይ ይንቀጠቀጥ ጀመር። «እናቴ በቅል ውኃ ይዛ ስትገባ ግድግዳውን ይቧጥጥ ነበር። ውኃ! የገዛ ወንዛችንን ውኃ!» አሉ። በአራተኛው ቀን ሞተ። ስኒዎቹ እንደተሞሉ ቀዘቀዙ። ስልሳ ዓመት ገደማ ያለፈው ነገር ነው፤ ግን እዚያ ግቢ ውስጥ ትናንት ሆነ።

ወረቀቷን ከግድግዳ አውርጄ አመጣሁ። ሐኪሟም መጣች። እንደ ሁልጊዜው የሚባለውን አላለችም፤ «አይዟችሁ ምንም የለም» አላለችም። የተከተበ ውሻ ሲነከስ ወዲያው በድጋሚ እንደሚከተብ፣ ከዚያም ለ45 ቀን ተለይቶ እንደሚጠበቅ፣ ያልተከተበ ቢሆን ኖሮ ግን ማስወገድ እንደምትመክር ነገረቻቸው። «በነዚህ 45 ቀናት ከእሱ በስተቀር ማንም አይነካውም፤ ጠባዩ ከተለወጠ፣ መዋጥ ካቃተው፣ ያን ቀን ትጠሩኛላችሁ» አለች።

ሁሉም እትዬን አዩ። እትዬ የጀበናውን ክዳን እያስተካከሉ ቆዩና «ከኋላ ያለው የእንጨት ቤት የብረት በር አለው። እዚያ ይገባል። ቁልፉ እኔ ጋ ይሆናል። አንተ ስትገባ እኔ እከፍታለሁ፣ ስትወጣ እኔ እቆልፋለሁ» አሉ። የልጅቷ እናት «አርባ አምስት ቀን?» አለች። «አርባ አምስት ቀን። ከዚያ በኋላ ፈሪ ከሆንሽ ፈሪ ነሽ፤ ከዚያ በፊት ግን እናት ነሽ» አሏት።

አሁን ችግሩ ሌላ ሆነ። በቀን ሁለት ሰዓት ሽቅብ ካልወጣ ጅራቱን የሚያሳድድ ውሻ፣ ሦስት ሜትር በሁለት ሜትር በሆነ ቤት ውስጥ ለአንድ ወር ተኩል ተዘጋ። ጠባዩ ከተለወጠ ይገደላል፤ በዚያ ቤት ውስጥ ደግሞ ጠባዩ የማይለወጥ ፍጡር የለም። በሽታን ከመሰልቸት የሚለየው ማን ነው? ይህን ሳስብ ሁለት ሌሊት አልተኛሁም።

ወደ ዘበኛው ደወልኩ። ጥቂት ዝም አሉና «ጉም ሲወርድ እኛስ ምን እናደርግ ነበር?» አሉ። «ስሜን ላይ ጉም ከወረደ እጅህን አታይም፣ በግ አትነዳም። ቁጭ ብለህ በጆሮህ ትቆጥራለህ። የቱ በግ የት እንዳለ በድምፁ ትለያለህ። መሮጥ የለም፤ ግን ማታ ስትገባ ድክም ብለህ ነው። እግሩ ከታሰረ አፍንጫውን አሠራው።»

ስምንት ባዶ የቆርቆሮ ጣሳ ሰበሰብኩ። በአንዱ ውስጥ አንዲት ክር የምታህል ቋንጣ አስቀምጣለሁ፤ ሰባቱ ባዶ ናቸው። ሻምበል ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፣ «ፈልግ» ስለው ይነሳል፣ ያገኘው ጣሳ ፊት ይተኛል፤ ቢያፈስሰው አይቆጠርም። በመጀመሪያው ቀን ሁሉንም ገለበጠ። በአምስተኛው ቀን ስድስት ጊዜ ደርድሬ አምስቱን አገኘ። በአሥረኛው ቀን ጣሳዎቹን በጨርቅ ሸፈንኩ፣ ቋንጣውን በበርበሬ ዕቃ ውስጥ ያደረ ጨርቅ አጠገብ አደረግሁ፤ አነጠሰ፣ ግን አገኘ። በቀን ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው ሃያ ደቂቃ። በመጨረሻ የሚተኛው ቁስቋም ወጥቶ እንደተመለሰ ቀን አድርጎ ነው። ዓይነ ስውራንን የሚመሩ ውሾች የመጀመሪያው ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1916 በጀርመን ኦልደንቡርግ ሲከፈት ያሠለጠነው ይህንኑ ዝርያ ነበር፤ መሪ ውሻ አይሮጥም፣ ግን ያስባል። ዝርያው «ጉልበተኛ» ይባላል እንጂ የሚያስቸግረው ጉልበቱ ብቻ አይደለም፤ ሥራ የፈታው ጭንቅላቱም ነው።

እትዬ ቁልፉን ይዘው ከበሩ ውጭ ይቆሙ ነበር። መጀመሪያ ለጥበቃ ነው። ከሁለተኛው ሳምንት በኋላ በርጩማ ይዘው መጡ። በብረት በሩ ክፍተት እያዩ «የቱ ጋ ነው ያደረግኸው? ለእኔ ንገረኝ፣ ለእሱ አልናገርም» ይላሉ። ሻምበል ሲሳሳት ምላሳቸውን ይመታሉ። የልጅቷ እናት ከአጥሩ ማዶ «ዛሬስ አገኘ?» ብላ ስትጠይቃቸው ሰማሁ። በዚያ ግቢ ውስጥ ውሻው ምን እንደሚያደርግ፣ ጠባዩ እንዴት እንደሆነ፣ ምን እንደበላና እንዴት እንደዋጠ ከእኔ እኩል የሚያውቁ ሁለት ሴቶች ነበሩ። ይህ ነው ከሁሉ የተሻለ ክትትል። ሐኪሟ በየሳምንቱ ስትመጣ ሪፖርቱን የሚያቀርቡት እትዬ ናቸው።

አርባ አምስተኛው ቀን አለፈ። ድግስ አልተደረገም። እትዬ ቁልፉን አውጥተው በሬ ላይ ባለው ምስማር ሰቀሉት፣ «በረንዳው ግን አሁንም የሰው ነው» አሉ። የልጅቷ እናት ልጇን ወደ ውሻው ለማቅረብ ሌላ ሁለት ወር ቆየች፤ ማንም አልተናገራትም። ይልቅ በዚያው ሰሞን ከግቢያችን ዙሪያ አራት ቤት ውሾቻቸውን አስከተቡ። አንዱ ቤት የውሻውን ሰንሰለት ፈትቶ ከአጥሩ ጫፍ እስከ ጫፍ በተወጠረ ሽቦ ላይ የሚንሸራተት ገመድ አደረገለት። ትንሽ ነገር ነው፤ ግን እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ፣ በአሜሪካ ዴንቨር የተሠራ ጥናት የሚነክሱና የማይነክሱ ውሾችን ሲያነጻጽር ታስረው የሚኖሩት ከነካሾቹ ወገን ይበዙ ነበር። በዚያው ጥናት የጀርመን ሼፐርድም ከነካሾቹ ጎልተው ከታዩት ዝርያዎች አንዱ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ላነበበ ሰው፣ ሼፐርድ ገዝቶ ማሰር ምን እንደሆነ ግልጽ ነው።

የክትባቱ ነገር ደግሞ ከእኛ ግቢ አጥር ይሻገራል። ዘበኛው ከሚኖሩበት በላይ፣ በስሜን ተራሮች፣ በዓለም ላይ ከ500 በታች ከቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ጥቂቶቹ ይኖራሉ። እ.ኤ.አ. በ1991 እና 1992 በባሌ ብዙዎቹን የፈጃቸው ይኸው በሽታ ነው፤ ያመጣባቸውም ከብት ተከትሎ የሚወጣ የገበሬ ውሻ ነው። በቁስቋም መንገድ ያገኘን ውሻና በደጋው የሚሞት ቀበሮ የአንድ ታሪክ ሁለት ጫፍ ናቸው።

አሁን ሰው «ፖሊስ ውሻ ፈልግልኝ» ይለኛል። ቪላ የሠራ፣ መጋዘን የከፈተ፣ ከአዲስ አበባ ቡችላ ሊያስመጣ ያሰበ። ግቢያቸው ስንት ካሬ እንደሆነ ይነግሩኛል። እኔ ስለ ግቢው አልጠይቅም። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ማን ይነሳል? በጾም ምን ይበላል? ከከተማ ስትወጣ ማን ያሠራዋል? ብዙዎቹ «እንዴ፣ ውሻ እኮ ነው» ብለው ይሄዳሉ። ለእነሱ የአገራችንን ውሻ እመክራለሁ፤ የሌሊት ፈረቃውን ያውቃል፣ መከተብ ብቻ ነው የሚፈልገው። ሁለት ሰዎች ግን ቆመው ጥያቄውን መለሱ። አንደኛው በየቀኑ ወደ እርሻው የሚወጣ ነው፤ የሚያሳድገው ሲያገኝ እነግረዋለሁ ብዬ ስልኩን ይዣለሁ። ሥራ ያለው ሰው መጀመሪያ ይገኝ፤ ባለቤት ያጣ ሼፐርድ አይጠፋም፣ የቆመ ካምፕ ብዙ ነው።

ዘበኛው በወር አንዴ ይደውላሉ። ገብሱ እንዴት እንደሆነ፣ መንገዱ ክፍት ይሁን ዝግ ይነግሩኛል። የልጅ ልጃቸው ዘንድሮ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ቤት ተቀምጧል፤ ስለ እሱ ሲያወሩ ድምፃቸው ዝቅ ይላል። ከዚያ ስለ ሻምበል ይጠይቃሉ። ደህና ነው ወይ አይሉም፣ ወፍሯል ወይ አይሉም።

«ሥራ አለው?» ይላሉ።

«አለው፣ አባቴ።»

«እሱስ ታድሏል» ይሉና ይስቃሉ፤ ሳቃቸው ግን ሳያልቅ ስለ ልጁ እንደገና ይጀምራሉ፤ ኮምፒውተር ይችላል፣ እንደው አንተ ዘንድ የሚሆን ነገር ቢኖር። የልጁን ስልክ ተቀብዬ ጻፍኩት።